በጥፊ የሚከፈት ቴሌቪዥን

አምቦ ውስጥ ሰው ቤት እንግዳ ሆነው ከሄዱ አንድ ምክር ልለግስዎ፤ በራስዎ እጅ ምንም ነገር አይንኩ። ቡናው ይቀርብልዎታል፣ ቆሎው ይዘገንልዎታል፣ አምቦ ውኃው ተከፍቶ ይቀዳልዎታል። ቴሌቪዥኑን ልክፈት ብለው ብድግ ካሉ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ኧረ ይተዉት! እሱ እንደዚያ አይደለም!» ይላል። ቴሌቪዥኑ የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ከሶኬቱ ተነቅሎ እንደገና ይሰካል። ቀጥሎ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክትተው ይጠበቃል። ከዚያ በስተግራ ጎኑ፣ ከድምፅ ማጉያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በመጠነኛ ኃይል አንድ ጥፊ ይቀምሳል። በስተቀኝ ቢመቱት የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው፤ ጠንከር አድርገው ቢመቱት ደግሞ ሥዕል ብቻ። የጥፊውን ልክ የሚያውቀው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ቡናዎን ይጠጡ።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን አልፈው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አምቦ ይገባሉ። መንገዱ ከዚያም ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ እያለ ይቀጥላል። በዚህ መስመር ባሉት ከተሞች ከፋብሪካ እንደወጣ የሚኖር ዕቃ ብርቅ ነው። ሪሞት ኮንትሮሉ የባትሪ ክዳኑን ከጣለ ቆይቷል፤ በፀጉር ላስቲክ ታስሯል። የስልክ ቻርጀሩ የሚሞላው ሽቦው ወደ ላይ ታጥፎ የዘይት ጠርሙስ ሲጫንበት ብቻ ነው። የሬዲዮው አንቴና ተሰብሮ በጃንጥላ ዘንግ ተተክቷል፤ ቤተሰቡ ዜናውን ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ክረምት ሲገባ ግን በጃንጥላው ሥር የሚሄድ ሁሉ አንድ ትከሻው ይረጥባል። ማንም አያማርርም። ዓለም ምን ላይ እንደደረሰች ለማወቅ አንድ ትከሻ ቢረጥብ ምንም አይደል።

ውጭ አገር እንዲህ ያለው ሥራ መዝናኛ ነው አሉ። ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ፣ እዚያው ግቢው ውስጥ ያለ ጋራዡ ይገባል። ከጎኑ አርዱይኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ ያሉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያበጇት ናት፤ ስሟም የተወሰደው ከሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት ነው። (ከመጠጥ ቤት እንዲህ ያለ ፍሬ ይዞ መውጣትም አለ ማለት ነው።) እንግሊዞችም በ2012 እ.ኤ.አ. ራስፕቤሪ ፓይ የተባለች በኪስ የምትያዝ ኮምፒውተር በ35 ዶላር ገበያ ላይ አዋሉ። ሰውየው እነዚህን በፖስታ አስመጥቶ፣ ድመቱ ስትመጣ ብቻ የሚከፈት በር ይሠራል፤ አበባው ሲጠማው ስልኩ ላይ መልእክት እንዲልክለት ያደርጋል። ሲጨርስ ፎቶ ያነሣል። ካልሠራለትም ምንም አይቀርበትም፤ ድመቷ በመስኮት ትገባለች።

እኛ ዘንድ ግን ተጠጋኙ ዕቃ የሚፈለግ ዕቃ ነው። ዛሬ ማታ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ዛሬ ማታ ኳስ ይታይበታል። መለዋወጫውም በፖስታ አይመጣም። እነሱ ዕቃ ለመሥራት መለዋወጫ ይገዛሉ፤ እኛ መለዋወጫ ለማግኘት ዕቃ እናርዳለን። ከሁለት የሞቱ ሬዲዮዎች አንድ በሕይወት ያለ ይወጣል፣ የተረፈው ሬሳ ደግሞ ተቀምጦ ሦስተኛውን ይጠብቃል።

በየሰፈሩ ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ ሰፈሩ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ «መምህር» ነው የሚላቸው። አልጋቸው ሥር ሦስት ካርቶኖች አሉ። በአንደኛው ውስጥ የሞቱ ነገሮች ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ሊሞቱ የተቃረቡ፤ በሦስተኛው ደግሞ ምን እንደሆኑ መምህርም የማያውቋቸው። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ባለቤታቸው ሦስተኛውን ካርቶን ጎተት ያደርጉታል።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ሽቦ እኮ ዐሥር ዓመት ሆነው!»

«ታዲያ ዐሥር ዓመት ሙሉ የጠበቀን ነገር ዛሬ ሸጠሽው ነገ ቢፈለግስ?»

ይህ ክርክር የሚረታ አይደለም። በተሸጠ ማግስት በእርግጥም ይፈለጋላ።

የመምህር መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቴስተር። ስታኞ የሚያቀልጡበት መተኮሻ ከተቃጠለባቸው ወዲህ ረጅም ሚስማር ከሰል ላይ ያግላሉ። እጃቸው ግን የተባረከ ነው። እሳቸው የነኩት ነገር ይሠራል። ጥያቄው ማን ሲነካው ነው የሚሠራው የሚለው ላይ ነው። የጁስ መፍጫቸው ማብሪያ ሲቃጠል የግቢውን በር ደወል መጫኛ ነቅለው ገጠሙለት፤ ጣት ተጭኖ እስከያዘው ድረስ ይፈጫል፣ ጣት ሲነሣ ይቆማል። አቮካዶው እስኪልም አንድ ሰው ቆሞ መጫን አለበት። እንግዳም ከዚያ ወዲህ በሩን የሚያንኳኳው በድንጋይ ነው። ይኸው ነው ነገሩ፤ መምህር ዕቃ ሲጠግኑ ከዕቃው ላይ የጎደለውን ክፍል የሚተኩት በቤተሰባቸው አባል ነው።

ለነገሩ ይህ መምህር የጀመሩት አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ፣ ሥርጭቱ ውሎ አድሮ ወደ ክፍለ ሀገር ሲዘልቅ፣ ምዕራብ ሸዋ ለቴክኖሎጂው ያዋጣችው ባሕር ዛፍን ነው። ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ የታሰበው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ተመንጥራ እንጨት ሲያልቅባት፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ቤተ መንግሥቱም ተጀምሮ ነበር፤ ባሕር ዛፉ ቶሎ አደገና ከተማዋን ከመፈታት አዳናት። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ አዲስ ዓለምን መናገሻነት የነሣት ያ ዛፍ ነው፣ ሰባትና ስምንት ዐሥርት ዓመታት ቆይቶ፣ በየግቢው ቆሞ አንቴና የተሸከመላት። ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ከጎረቤት ሳያስፈቅዱ ቢቆርጡትም የሚያጣላው ለአንድ ሳምንት ነው።

አንቴና ማስተካከል ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልግ ነበር። አንዱ ጣሪያው ላይ ሆኖ አንቴናውን ያዞራል፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ የሁለቱን ቃል ያቀባብላል።

«መጣ?»

«ሥዕሉ መጣ፣ ድምፁ ሄደ!»

«አሁንስ?»

«ሁለቱም ሄዱ!»

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! እንዳትነቃነቅ! እንደዚያው ያዘው!»

እጁን ሲለቅ ሥዕሉ ይጠፋል። በሰዎቹ ላይ የተሸረበ ተንኮል አልነበረም፤ የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ብረቱን የጨበጠ ሰው ራሱ አንቴና ይሆናል፣ ቁመቱንም ያዋጣል። የቤቱ ታላቅ ልጅ የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ከታች በሚመጣው ጩኸት እየገመተ ያሳለፈበት ቤት ጥቂት አይመስለኝም። ጎሉን አላየም እንጂ ጎሉ የታየው በእሱ ነው።

ከዚያ ዲሽ መጣ። ዲሽ ሲመጣ ሰው ከዚህ ግዳጅ ነፃ የሚወጣ መስሎ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል፤ ዲሹ ጥቂት ዲግሪ ከተዛባ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ልክ የሚያስተካክለው ልጅ ይዞ የሚመጣው አንድ ቡሎን መፍቻና የራሱን ግምት ነው፤ ደግሞ ያገኘዋል። ናይልሳት የተባለው ሳተላይት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስላለ የአምቦ ዲሽ ለዓመታት ፊቱን ወደ ነቀምቴ አዙሮ ኖረ። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ሲጠቃለሉ፣ ያ ሁሉ ዲሽ ባንድ ሰሞን ዞሮ አዲስ አበባን ማየት ጀመረ። የዲሽ ሠራተኞች እንደዚያ ሰሞን የተከበሩበት ጊዜ የለም፤ ምሳ እንኳ በቀጠሮ ነበር የሚበሉት።

ሁለቱንም የፈለገ ሁለተኛ ዲሽ አቆመ። መምህር ግን ሁለተኛ ዲሽ አይገዙም። ያለውን አንዱን ዲሽ ከበር ማጠፊያ ላይ ገጥመው፣ ብረቱ ላይ በቀለም ሁለት ምልክት አደረጉ፤ ቀይ ለናይልሳት፣ አረንጓዴ ለኢትዮሳት። ሲያዩት ያምራል። ዲሹን የሚያዞር ሞተር ግን የለውም፤ ሞተሩ የመምህር የልጅ ልጅ ነው። ማታ ማታ «ቀይ!» ሲባል ይወጣል፣ «አረንጓዴ!» ሲባል ይወጣል። በክረምት ከፍ ያለ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አይሰማም ይላል፣ ወይም አልሰማም ይላል።

ስለ አገራችን ፈጠራ ከተነሣ ከሁሉ በላይ ሊወራለት የሚገባው ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የትኛውም ታላቅ ኩባንያ አልፈለሰፈልንም፤ ቢፈለስፍም አይገባውም ነበር። ሸክላው ከሥሩ ጥምዝምዝ ቦይ ይቦረቦርለታል፣ በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንሱ ይዘረጋል፣ ጄሶ ይመረግበታል፣ ከዚያ በላሜራ ማቀፊያው ላይ ይቀመጣል። የሚስበው ኃይል 3,500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ይህን የሚሸከመው ሽቦ የተዘረጋው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር። ለዚህ ነው አንዷ ስትጋግር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው። የጎረቤት አምፖል ደከም ሲል «እነ እከሌ ምጣድ ጣዱ» ይባላል። ሁለት ቤት ባንድ ላይ ከጣዱ ደግሞ አምፖሉ ውስጥ ያለችው ክር ቀይ ሆና ትታያለች፣ ተማሪው ደብተሩን ይከድናል፣ ሰበብም ያገኛል።

የምጣድ ጥገና የራሱ ፊዚክስ አለው። ሬዚስታንሱ ሲበጠስ አዲስ የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ሁለቱን ጫፎች እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ያያይዟቸዋል። በተጎነጎነ ቁጥር ሽቦው ያጥራል። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ተቃውሞው ሲቀንስ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ምጣዱ ከመቃብር በተመለሰ ቁጥር ከበፊቱ ይልቅ በርትቶ ይመጣል ማለት ነው። ችግሩ ብርታቱ እኩል አለመዳረሱ ነው። ዙሪያው ገና ዓይን ሳያወጣ ቋጠሮው ያለበት በኩል ያርራል። በመሆኑም ብዙ የተጠገነ ምጣድ እንጀራው ላይ ፊርማውን ይተዋል። ለቅሶ ቤት እንጀራ ከየቤቱ ሲሰበሰብ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት መሶቡን ከፈት አድርገው «ይሄ የመምህር ቤት ነው፣ ይሄ የዚያች የጥግ ቤቷ ነው» እያሉ ሲለዩ ሰምቻለሁ። አንድም አልሳቱም።

የመምህር ባለቤት ምጣዳቸውን ያውቁታል። ሊጡን ማዞር የሚጀምሩት ከደካማው ጎን ነው፤ ወደ ቋጠሮው ሲደርሱ እጃቸውን ያፈጥናሉ፤ አክንባሎውን የሚያነሡትም በዚያው በኩል ነው። ሌላ ሴት ያንን ምጣድ ብትጋግርበት ግማሽ ሊጥ ግማሽ ከሰል ታወጣለች። ሴትዮዋ ዋትና አምፔር የሚባል ነገር ትዝ ብሏቸው አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱን የሚያመዛዝነው መሣሪያ በሙሉ ክንዳቸው ውስጥ ነው ያለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከባልየው የበለጡት መሐንዲስ እሳቸው ናቸው። ባልየው ያበላሹትን በየሦስት ቀኑ ያስተካክላሉ፣ ያውም «መምህር» ሳይባሉ።

የአምቦ ልጅ ወደዚህ ሥራ የሚገባው በቆርኪ በኩል ነው። አምቦ ውኃ መታሸግ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ብዙ ነገር አጥታ ታውቅ ይሆናል፣ ቆርኪ ግን አጥታ አታውቅም። ቆርኪ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ዝርግ ይሆናል፣ መሃሉ በሚስማር ሁለት ቦታ ይበሳል፣ ክር ይገባበታል፤ ክሩን አክርረው ሲስቡና ሲለቁ ቆርኪው እየተሽከረከረ ያጉረመርማል። ጫፉ ስለሚቆርጥ ልጆች ሣር ይቆርጡበታል፣ አንዳንዴም ጣታቸውን። ከፍ ሲሉ ወደ ሽቦ መኪና ይሻገራሉ። ገላው ከሽቦ፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ፣ መሪው ደግሞ እስከ ደረት በሚደርስ ረጅም ዘንግ ላይ። መሪው ሲዞር የፊት ጎማው አብሮ ይዞራል፤ ይህን ለመሥራት የስምንት ዓመት ልጅ የት እንደተማረ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የመኪናው ሞተር እሱ ራሱ ነው፤ ክላክሱም፣ የሞተሩም ድምፅ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ማቃሰትም ከእሱ ጉሮሮ ነው የሚወጣው። ጠርሙሱም ቢሆን አይጣልም ነበር፤ ላምባ ተሞልቶበት፣ ክዳኑ ተበስቶ ክር ገብቶበት፣ ኩራዝ ሆኖ ስንቱን ለማትሪክ አስጠንቷል።

ስለ ባጃጅ ብዙ አልልም፤ ያየ ያውቀዋል። ለሦስት ሰው የተሠራች ነገር ላይ ለሠርግ አዳራሽ የሚበቃ ድምፅ ማጉያ መግጠም ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ እንጃ። መጨረሻው ላይ ተሳፋሪው «ወራጅ!» ማለቱ አይሰማምና የሾፌሩን ትከሻ መታ ማድረግ ይኖርበታል። የፈረስ ጋሪውም ቢሆን ከእንጨት ጎማ ወደ መኪና ጎማ ከተሻገረ ቆይቷል፤ ፈረሱ ግን እስካሁን አልተቀየረም።

ስልክ ጠጋኞቹ ግን የሚገርሙ ናቸው። በግንጪም ሆነ በጉደር በገበያ ቀን አንድ ሜትር በማትሞላ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ፊት ሰው ይሰለፋል። ልጁ ስልኩን ገልበጥ ያደርግና ወይ «ሶፍትዌር ነው» ይላል ወይ «ቦርዱ ነው» ይላል። ሶፍትዌር ከሆነ ተስፋ አለ። ቦርዱ ከሆነ ለቤተሰብ ይነገራል። ከገጠር የመጡ አባት፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ በትንሽ ሶላር የሚሞሏትን ባለ ቁልፍ ስልክ ከጨርቅ ፈትተው ያቀርባሉ፤ ልጁም «አባባ፣ ባትሪው አብጧል» ብሎ፣ ከሌላ ዓይነት ስልክ የወጣ ባትሪ ወረቀት አጣጥፎ ጎኑን ሞልቶ ይገጥምላቸዋል። «ሲደወልልዎ ይችን ጎን በአውራ ጣት ይጫኑ፣ አለዚያ ይጠፋል» ይላቸዋል። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ሰጥተው፣ መርቀውት ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ እሳቸውን የሚያናግር ሰው ሁሉ የሚያናግረው በዚያ አውራ ጣት ፈቃድ ነው።

ነገሩ እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ አልቆመም። በአገራችን እስከ ሰማይ ያሰበ አለ። አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል የጤና ባለሙያ አብራሪ የመሆን ሕልሙ ባይሳካለት፣ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ አውሮፕላን ሠራ፤ ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ 570ው የፈጀችበት ቀን ነው። ሞተሩ የቮልስ መኪና ሞተር ነበር። (ቮልስ ጠግኖ የማያውቅ ጋራዥ አገራችን ውስጥ ስለሌለ፣ አየር ላይ ካልሆነ በቀር፣ ቢበላሽ መካኒክ አይቸግረውም።) በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለመነሣት ሲሞክር ፕሮፔለሩን የያዘው ብረት ተሰበረና ሳይበር ቀረ። የሣቀበት አልጠፋም። እኔ ግን እላለሁ፣ ከራሱ ኪስና ከራሱ ራስ አውጥቶ ቁጢጥ የሚል አውሮፕላን ያቆመ ሰው፣ በሚበረው ላይ ቲኬት ቆርጦ ከተሳፈረ ሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከወንጪ ማዶ ወልቂጤም ኢዘዲን ካሚል የሚባል ወጣት በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ፣ ገና 18 ዓመቱ ሳለ፣ ሰው ሳይነካው ሳሙና የሚሰጥ መሣሪያ ከሌሎች ብዙ ሥራዎቹ ጋር ሠርቶ በዓለም ዜና ላይ ወጥቷል። መምህር ይህን ሲሰሙ ወዲያው ያሰቡት ነገር «ሰው ካልነካው ታዲያ ማን ያስነሣዋል?» የሚል ነበር።

የማላዊው ዊልያም ካምክዋምባም አለ። በ14 ዓመቱ፣ ድርቅ ገብቶ የትምህርት ቤት ክፍያ ቸግሮት ቤት ሲውል፣ ከቤተ መጻሕፍት ያገኘውን የፊዚክስ መጽሐፍ አገላብጦ ከብስክሌት አካል፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቧንቧ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሠራ፤ ቤታቸውም መብራት አየ። ታሪኩ በ2009 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሆኗል፣ ኋላም ፊልም። ማመንጫውን የተሸከመው ማማ ከምን ተሠራ ቢሉ፣ ከባሕር ዛፍ። የኛው ባሕር ዛፍ ግን እስካሁን አንቴና ተሸክሞ ቀረ፤ አሁን አሁን ደግሞ የዲሽ ሽቦ ብቻ። የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲ ባሉበት ዞን ይህ የሚያስቆጭ ነው። ተማሪው ለመመረቂያው አርዱይኖ ገዝቶ ማሳ የሚያጠጣ መሣሪያ ይሠራል፣ ኤ ያገኝበታል፣ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መንገዱን ተሻግሮ ከመምህር ካርቶን ጋር ቢገናኝ ኖሮ ሁለቱም የጎደላቸውን ያገኙ ነበር፤ እሱ መለዋወጫና ብልሃት፣ መምህርም ከልጅ ልጃቸው የተሻለ ሞተር።

በቅርቡ መምህር ዓይናቸውን ለመታከም አዲስ አበባ ሄደው ነበር። እሳቸው በሄዱ ማግስት ቤቱ ቆመ ማለት ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ጥፊ እምቢ አለ፣ የውኃ ፓምፑ አልነሣ አለ፣ የግቢው መብራት ጠዋት በርቶ ማታ ጠፋ። ባለቤታቸው ስልክ ደወሉ።

«ፓምፑ ምን ብሎ ነው የሚነሣው?»

«መጀመሪያ የወጥ ቤቱን መብራት አጥፊ። ከዚያ ሬዲዮኑን ንቀዪ። ከዚያ ቧንቧውን በፒንሳው እጀታ ሁለቴ መታ መታ።»

«ሬዲዮኑ ከፓምፑ ጋር ምን አገናኘው?»

«እሱ ረጅም ታሪክ ነው።»

ሴትዮዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥተው ሁሉንም ጻፉት። መምህር ዓይናቸው ተሽሎ ሲመለሱ፣ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። ቴሌቪዥኑ ላይ «በግራ፣ አንዴ፣ ቀስ ብሎ» ይላል። የዲሹ ማጠፊያ ላይ «ልጁ ተኝቶ ከሆነ አትቀስቅሱት» ይላል። ምጣዱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም፤ ሴትዮዋ ያንን ለማንም የማስረከብ ሐሳብ የላቸውም።

እኔ እንደዚህ ያለውን ሥራ ሁሉ እወዳለሁ። አንድ የምቃወመው ነገር ግን አለ፤ እሱም የፊውዝ ጥገና ነው። ፊውዝ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ የተቀመጠችው ከአቅም በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀልጣ እንድትቆርጠው ነው። ምጣድ፣ ስቶቭና ካውያ ባንድ ላይ ሲሰኩ ትቀልጣለች። አንዴ ስትቀልጥ ትተካለች፣ ደግማ ስትቀልጥ ይነጫነጩባታል፣ በሦስተኛው አንዱ ብልህ ተነሥቶ በቦታዋ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስገባል። ቤተሰቡ ያጨበጭብለታል፤ ፊውዙ ከዚያ ወዲያ አይቃጠልማ። ከዚያ ወዲያ የሚሞቀው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ከጭቃ፣ ከጭድና ከዚያው ከደረቅ ባሕር ዛፍ የቆመ ነው። ሌላው ጥገና ሁሉ ቢከሽፍ ኳስ ያመልጥዎታል ወይም እንጀራ ያርርብዎታል፤ ይህ ቢከሽፍ ግን ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ቴሌቪዥንዎን እንደ ልማድዎ በጥፊ ይክፈቱ፤ ጣልቃ አልገባም። የቆጣሪዎን ፊውዝ ግን በዚህ ሳምንት ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያሳዩት፤ ወፍራም ሽቦ ከተገኘበትም ነቅሎ ልከኛውን ፊውዝ ያስገባልዎ። ፊውዝ አምቦም፣ ግንጪም፣ ጌዶም ሱቅ ውስጥ ይሸጣል።